ስለ ቤትና ስለ ጎረቤት

ሰው ካለው ነገር ሁሉ አፉን ሞልቶ «የኔ» የሚለው ቤቱን ነው። ከብቱ ይሞትበታል፣ ገንዘቡ ያልቅበታል፣ ልብሱ ያረጅበታል፤ ቤቱ ግን ማታ ሲመለስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚህ የተነሣ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ብቻውን ያቆመው ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይህ አሳቤ ስሕተት መሆኑን እንዴት እንደ ተረዳሁትና ስሕተቴም ማንን እንዳሳዘነ ለእናንተ ለወጣቶቹ ለመንገር ይህን ጻፍሁ። ነገሩ ስለ አንድ ጣራ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አያደክማችሁም።

የተወለድሁት በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ሰፊ የሣር ምድር ጥግ ባለች አንዲት መንደር ነው። አገሩን ለማታውቁት፤ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን ዐልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ተራራውን ተከትሎ ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል። ጓሳ ያለው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ከላዩ የሚፈልቀው ውሃ ገሚሱ ወደ ዐባይ፣ ገሚሱ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እዚያ ይኖራሉ፤ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ጓሳን የሚያውቁት በእነርሱ ነው። እኛ ግን የምናውቀው በሣሩ ነው።

በአገራችን እንጨት ብርቅ ነው። ዛፍ ቢታይ አብዛኛው ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ውርጩ ያጎሳቍለዋል። ስለዚህ አባቶቻችን ግድግዳውን በድንጋይ ካቡ፣ በጭቃ መረጉ፣ ጣራውን በጓሳ ሣር ከደኑ፤ ከብቱንም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር አሳደሩ፤ የላምና የበግ ትንፋሽ ቤት ያሞቃልና። ማገዶው ኩበት ነው። ይህን ኩበት አትርሱብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቤታችን ክዳን ሲታደስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሰዎቹ ገና ጎህ ሳይቀድ መጡ፤ አንዱ መሰላል፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ነዶ ተሸክሟል። አባቴ ሠራተኛ አልቀጠረም፤ ለማንም ብር አልቆጠረም። የነበረው እናቴ የጠመቀችው የገብስ ጠላና አንድ ስፌት ቆሎ፣ ደግሞ ለማታ የሚሆን ንፍሮ ነው። ጎበዛዝቱ ጣራው ላይ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ከታች ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እያበጠሩ አጭሩን ከረጅሙ ይለያሉ፤ ሴቶቹ ነዶውን ያቀብላሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ገመድ እንፈትላለን፤ ያን ሣር የሚያስረው ገመድ የሚፈተለው ከዚያው ከሣሩ ነውና። ክዳኑ ከግድግዳው ጫፍ ይጀምርና ዙሪያውን እየተደራረበ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። የላይኛው ነዶ የታችኛውን ራስ ስለሚሸፍነው ዝናም መግቢያ አያገኝም። ከታች ያለው ሽማግሌ የላላ ቋጠሮ ካየ ዝም አይልም፤ «ያ ቋጠሮ የማነው?» ይላል። ያሰረው ጎልማሳ ሁሉ እየሳቀበት ይፈታና እንደገና ያስራል።

በዚያ ሰሞን ከእኛ ቤት በፊት የአንዲት ባልቴት ቤት ተከድኖ ነበር። የእኛ ጣራ እያፈሰሰ የእርሷ ለምን እንደ ቀደመ አባቴን ብጠይቀው፥ «እኛ የምናጠጣው ጠላ አለንና ብንዘገይም ሰው ይመጣልናል። እርሷ ግን የላትም፤ ስለዚህ የሰው ጉልበት ሳይደክም ይሰጣታል» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ የሕግ መጽሐፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ግን ገና አላገኘሁም።

ያ ሣር ባለቤት የሌለው ሣር አልነበረም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ሆነ በሚነገርለት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች ምድሩን ተካፍለው ስለ ነበር የሣሩ ባለ መብቶች የእነርሱ ዘሮች ነበሩ። ዘሮቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም ሣሩን አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት ዓመት ዘግቶ ያቆየዋል። የመክፈቻው ቀን ሲታወጅ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። ሳይፈቀድለት ያጨደ ሰው የሚያገኘውን ቅጣት አያቴ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ሰርቆ ባጨደው ሣር ቤት ከከደነ ቤቱ ይቃጠል ነበር አሉኝ። ጭካኔ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እንኳ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አያቴ ግን፥ «ሣሩ ካለቀ የሁላችንም ቤት ይፈርሳል፤ የእርሱ ብቻ ቢፈርስ አይሻልም?» ብለው መለሱልኝ።

ዳሩ ግን የድሮውን ነገር ሁሉ እያወደስሁ ላታልላችሁ አልፈልግም። በመንደራችን ዳር ሸክላ የሚሠሩ አንድ ቤተ ሰብ ነበሩ። ከአስቦም ከጌራም ዘር ስላልሆኑ ከሣሩ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ቤታቸውን በገብስ ገለባ ይከድኑ ነበርና በየክረምቱ ያፈስባቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የዘር ድርሻ ቀረ፤ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። እነዚያ ሸክላ ሠሪዎች ያን ጊዜ የሣር መብት አገኙ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን አለቃ የሌለው ሣር ሆነና ሰው ሁሉ የቻለውን ያህል ማጨድ ጀመረ። ኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተመካክረው አዲስ ደንብ አቆሙ፣ ጠባቂ መረጡ፤ ጓሳ ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ የእኛ ቤት በተከደነበት ቀን፣ ዐዋጁ ከወጣ ስንት ዓመት ዐልፎ፣ እነዚያን ሸክላ ሠሪዎች ለደቦ የጠራቸው ሰው አልነበረም። የእኔ እኩያ የሆነው ልጃቸው ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲያየን ዋለ። ገመድ ስፈትል ዐይኑ ከእጄ ላይ አልተነቀለም ነበር። ና ብዬ አልጠራሁትም።

እኔ ተምሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጸሓፊም ሆንሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን ቀረች። በ1997 ዓ.ም. ጥቂት ገንዘብ አጠራቀምሁና ቤቷን በቆርቆሮ ላስከድንላት ተነሣሁ። በዚያን ጊዜ በመንደራችን ቆርቆሮ ያለው ቤት ከሁለት አይበልጥም ነበር፤ ቆርቆሮ ማለት ልጅ አሳድጌ ለቁም ነገር አበቃሁ ማለት ነው። ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ አናጺውንም ሳይቀር ከከተማ በመኪና ጭኜ ወሰድሁ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቻችን መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ጣራ ሊነሣ መሆኑን ሰምተው መጡ። ከፊታቸው የነበሩት ያ የላላ ቋጠሮ የማያሳልፉት ሽማግሌ ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ በትከሻቸው ግን አንድ ጥቅል ገመድ አንጠልጥለዋል። እኔም ወጥቼ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ፥ «አባቴ፣ አትድከሙ፤ ሠራተኛ ቀጥሬአለሁ» አልኋቸው። ይህን ያልሁት በትሕትና ነው፤ እንዲያውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆሙና፥ «ይሁን ልጄ፣ እግዜር ያክብርህ» ብለው ተመለሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ያን ቀን አብራኝ ምሳ አልበላችም፤ ደክሟት ነው ብዬ ዐለፍሁት።

የቆርቆሮን ጥቅም አልክድም። እሳት አይበላውም፤ በየጊዜው ማደስን አይጠይቅም፤ ከጠርዙ በርሜል ቢደገንበት የዝናም ውሃ ይሰጣል፤ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዱ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ቆርቆሮ ስስ ነው። ቀን የዋለው ሙቀት ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ወጥቶ ይሄዳል፤ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ከብረቱ ሥር ይረጋና ንጋት ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል። በረዶ ሲጥል ሰው ከሰው አይደማመጥም። ወፍራሙ ሣር ግን በመካከሉ አየር ይዞ እንደ ባና ነው። እናቴ በአዲሱ ጣራ ሥር ስለ በረዳት ማታ ማታ ማንደድ ጀመረች፤ የምታነደውም ኩበት ነው። ኩበቱ ቀድሞ ገሚሱ ለእርሻው ፍግ ይሆን ነበር፤ ምድጃው ሲበላው እርሻው ጾሙን አደረ፤ ገብሱም ቀነሰ። እኔ በደብዳቤዬ ሁሉ «ቤቱ እንዴት ነው?» እያልሁ እጠይቅ ነበር፤ እርሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች ታጽፍልኝ ነበር። እናት እንዲህ ናት፤ ልጇ በሰጣት ስጦታ ትበርዳለች እንጂ በረደኝ አትልም።

ከብርዱ የባሰው ግን ሌላ ነው። ጣራ ማደስ ከቀረ ሰው ወደ ቤቷ የሚመጣበት ምክንያት ቀረ፤ እርሷም ወደ ሰው ቤት ነዶ ለማቀበል ስትሄድ «ተዉ፣ አንቺ ልጅ ያለሽ ነሽ» ይሏት ጀመር። የቻለው ሁሉ ቆርቆሮ ተከተለ፤ ያልቻለው በሳሳ ሣር ሥር ቀረ፤ ደቦ የሚጠራው ድኻ ብቻ ስለ ሆነ ደቦ ራሱ ማፈሪያ ሆነ። የሃምሳውን ሎሚ ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን አንዱ ሰው ሎሚውን በመኪና ካስጫነ ሌሎቹ አርባ ዘጠኝ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ተረቱ አይነግረንም።

በ2006 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ነፋስና በረዶ ሆኖ ከእናቴ ጣራ ላይ ሦስት ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደ። በማግሥቱ በስልክ ሰማሁና ደንግጬ በሦስተኛው ቀን ደረስሁ። ስደርስ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ የተደፈነውም በጓሳ ሣር ነው፤ ያማረ፣ የተበጠረ፣ ቋጠሮው የጠበቀ። ማን እንደ ሠራው ብጠይቅ የዚያ የሸክላ ሠሪው ልጅ ነው አሉኝ። በረዶው ገና ሳያባራ ለራሱ ቤት ያስቀመጠውን ነዶ ተሸክሞ መጥቶ፣ በጨለማ ጣራው ላይ ወጥቶ ከድኗል። ቋጠሮውን ከማን ተማርህ አልሁት። «እናንተ ስታስሩ አይቼ ነዋ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

እኔም አዲስ ቆርቆሮ ገዝቼ ላስመታ ስል እናቴ፥ «ልጄ፣ እባክህ በዚያ በኩል ያለውን ሣር አታውርድብኝ፤ ከሥሩ ተኝቼ ሦስት ሌሊት ሞቆኝ ዐድሬአለሁ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝን በዚህች ቃል ነገረችኝ። እንግዲህ ከዚያ ሰው ጋር ተመካከርንና ቆርቆሮውን ከላይ መለስን፤ ከሥሩ ግን ቤቱን ሙሉ ሣር አለበስነው። እሳት እንዳይደርስበትም ከውስጥ በኩል በጭቃ መረግነው። ጭስ መውጫም ተውንለት። ዝናሙን ብረቱ፣ ብርዱን ሣሩ ይከላከላል። አሁን ሌሎችም እንዲሁ አድርገዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሣር ለጣራ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው፤ ዝናምና ፀሐይ ስለማያገኘውም ብዙ ዘመን ይቆያል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን መንደራችን አድጓል። እኔ ልጅ ሳለሁ በአፋፉ ላይ የተበታተኑ ጎጆዎች ነበሩ፤ ዛሬ መንገዱን ተከትሎ ቤት ከቤት ተያይዟል። አባት ለሦስት ልጅ ያካፈለውን መሬት ልጆቹ ለልጆቻቸው ማካፈል አልቻሉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕረፍት ሄጄ በነበርሁበት ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተደረገ። ካገባ ዓመት ያልሞላው አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፥ «አባቶቼ፣ ለቀበሮ የሚሆን ምድር አለ፤ ለእኔ ቤት የሚሆን ዐሥር ክንድ ግን የለም። ከሣሩ ጥግ ይቈረጥልኝ» አለ። አንድ ሽማግሌ፥ «ዛሬ ላንተ ዐሥር ክንድ፣ ነገ ለወንድምህ ዐሥር ክንድ፤ ከዚያ በኋላ ምን ልትከድን ነው?» አሉት። ልጁም፥ «ቆርቆሮ!» ብሎ መለሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያን መልስ ወደ መንደሩ ያመጣሁት እኔ ነበርሁና።

«የተማርኸው አንተ ተናገር» ብለው አስነሡኝ። የማውቀውን ያህል ተናገርሁ። በላስታ በኩል ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት እንደሚሠሩ፣ ታቹ ለከብት ላዩ ለሰው እንደሆነና ይህም መሬት እንደሚቆጥብ ነገርኋቸው። ኮንሶዎች በድንጋይ እርከንና በካብ በታጠሩ መንደሮች ተጠጋግተው ስለሚኖሩ እርሻቸውን ከቤት እንዳዳኑ፣ ይህም ሥራቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበላቸው አወሳሁ። ሁለት ቤት አንድ ግድግዳ ቢጋራ ድንጋዩ እንደሚቀንስ፣ ሙቀቱም እንደሚጨምር ነገርሁ። ደግሞም በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ወደ ደባርቅ እንደ ሄደ አስታወስኋቸው፤ እኛ ወሰናችንን ራሳችን ካላከበርን ሌላ ሰው እንዳይወስንልን ፈራሁ። ጎልማሳው በትዕግሥት ሰማኝና፥ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን ከኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ማነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰው ከሰው ጋር ግድግዳ ለመጋራት አስቀድሞ ሌላ ነገር መጋራት ያስፈልገዋል፤ ያን ሌላ ነገር ደግሞ እኔ በ1997 ዓ.ም. ከበሬ ላይ መልሼዋለሁ። በመጨረሻው ዝም ያለውን ጉባኤ የሰበረው ያ የሸክላ ሠሪው ልጅ ነው። የራሱን ጓሮ በእርሻ በኩል ሳይሆን በመንደሩ በኩል እንደሚሰጠው፣ ግድግዳውንም ከእርሱ ግድግዳ ጋር አያይዞ እንዲሠራ ለጎልማሳው ነገረው። አንዳንድ ሰዎች ተንሾካሾኩ፤ ከሸክላ ሠሪ ጋር ግድግዳ መጋራት ዛሬም ለአንዳንዱ ይከብደዋል። ጎልማሳው ጥቂት አሰበና እሺ አለ።

ቤቱ ባለፈው ጥር ተሠራ። እኔም ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። የጓሳ መክፈቻ ገና ስለ ነበር ሰው ሁሉ ካስቀመጠው አንዳንድ ነዶ አዋጣ፤ እናቴም በምርኩዝ እየሄደች አንድ አቀበለች። እኔ ጣራው ላይ ወጣሁ። ከስንት ዓመት በኋላ የያዝሁት ገመድ እጄን ላጠው። አንድ ነዶ አስሬ ወደ ሁለተኛው ስዞር ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ፥ «ያ ቋጠሮ የማነው?» ሲል ሰማሁ። ያን ሽማግሌ ከቀበርናቸው ቆይቷልና ደንግጬ ወደ ታች አየሁ። የሸክላ ሠሪው የልጅ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ፈታሁትና እንደገና አሰርሁት፤ ልጁም መሰላሉን ወጥቶ በጣቱ ሳብ አደረገው፤ «አሁንም ላላ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።